ገምጋሚው የተቀመጠበት ስህተት

እህቴን ሰፈርተኛው ሁሉ «ምናልባት» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ አንድ ቀንም አልቆጨኝም። ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ነገ ይዘንባል ወይ ብላችሁ ብትጠይቋት፣ ሌላው ልጅ አፉን ሞልቶ «ይዘንባል» ሲል እሷ ቀና ብላ ሰማዩን አይታ፣ ጎንበስ ብላ መሬቱን አይታ፣ «ምናልባት» ትላለች። እናታችን፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «ይቺ ልጅ በሰርጓ ቀን ታገቢዋለሽ ወይ ሲሏትም ምናልባት ነው የምትለው» እያለች ትስቅ ነበር። እኔ ደግሞ አፌ ከልቤ የሚቀድም ሰው ነኝ። ከአንድ ማህፀን መውጣታችን እስካሁን የሚገርማቸው ዘመዶች አሉን።

አድጋ አክቹዋሪ ሆነች። አክቹዋሪ ምን እንደሆነ ለሰው የማስረዳው ሁልጊዜ እኔ ነኝ፤ እሷ ካስረዳችማ ሰውየው ጭራሽ ይጠፋበታል። ለመኪና፣ ለቤት፣ ለሱቅ ዋስትና የሚሸጥ ኢንሹራንስ የሚባል ድርጅት አለ አይደል? እንግዲህ በዓመቱ ውስጥ ስንት መኪና እንደሚጋጭ፣ ስንት ሱቅ እንደሚቃጠል ከወዲሁ ገምቶ፣ እያንዳንዱ ሰው ምን ያህል ይክፈል የሚለውን የሚያሰላ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ዝቅ አድርጎ ከገመተ ድርጅቱ ይከስርና የተገጨው ሰው ካሣ ያጣል። ከፍ አድርጎ ከገመተ ደግሞ የሁላችንም ኪስ ይራቆታል። «ምናልባት» ማለት ደመወዝ የሚያስገኝ ሙያ መሆኑን ቤተሰባችን ያወቀው ያኔ ነው።

እነዚህ ሰዎች የሙያ ደንብ አላቸው። እህቴ ከደንቡ ሁሉ አጥብቃ የያዘችው የጥቅም ግጭት የሚሉትን ነው። በምትናገረው ነገር ውስጥ ጥቅም ወይም ዝምድና ካለሽ፣ ከመናገርሽ በፊት እሱን ተናገሪ ነው ነገሩ። ይሁን፣ ለቢሮ ጥሩ ነው። እሷ ግን ይዛው ቤት ገባች።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ የቤታችን የፊት ክፍል ናት፤ የሙሽራ ቀሚስም እሰፋለሁ፣ መጋረጃም። አንድ ቀን አንዲት ደህና ደንበኛ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ መስተዋት ፊት እየተሽከረከረች፣ በዚያ የምታልፈውን እህቴን እንዴት ነው ብላ ጠየቀቻት። እህቴ በጣም ያምራል አለቻት። ልቤ ሞቅ አለ። ከዚያ ቀጥላ፣ «ግን የሰፋችው እህቴ ስለሆነች ምስክርነቴን ቀንሰው ይያዙት» አለቻት። ሴትየዋም ቀንሳ ያዘችው፤ ቀሚሱን አውልቃ፣ ላስብበት ብላ ወጣች፣ እስካሁንም እያሰበች ነው። ያን ቀን መቀሴን እንደያዝኩ እስከ ጓሮ ድረስ አባረርኳት። እየሮጠች እንኳን ደንቡ ነው እኮ ትለኛለች።

ባለቤቴ የታክሲ ሹፌር ነው። ስለዚህ እህቴ የመኪና ኢንሹራንስ በተነሳበት ስብሰባ ሁሉ መጀመሪያ ተነስታ፣ «የእህቴ ባል የታክሲ ሹፌር ነው» ትላለች። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ባለቤቴ አንድም ቀን ባልረገጣቸው ቢሮዎች ውስጥ ዝነኛ ሰው ሆነ። አንድ ጊዜ አንድ ክራቫት ያሰሩ ትልቅ ሰው ታክሲው ውስጥ ገብተው ጨዋታ ሲጀምሩ ስለ ሚስቱና ስለ እህቷ አነሳላቸው፤ ሰውየው ወደ ፊት ተንጠራርተው ፊቱን በደንብ አዩትና «አንተ ነሃ!» አሉት። ባለቤቴ ያን ቀን ሒሳብ አልተቀበላቸውም።

አሁን ወደ ዋናው ሰውዬ ልምጣ። በከተማችን ሥራ ላይ ያሉ አክቹዋሪዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዷ እህቴ፣ ሁለተኛው እሱ። ሦስተኛው የሁለቱም መምህር የነበሩ አዛውንት ነበሩ፤ ጡረታ ወጥተው ከከተማ ውጭ ንብ ማርባት ጀምረዋል፣ ቁጥር ካየሁ ዓይኔ ይጥፋ ብለው ምለዋል። ደንቡ ደግሞ የአንድ አክቹዋሪ ሥራ ገለልተኛ በሆነ በሌላ አክቹዋሪ ሳይገመገም አይጸድቅም ይላል። ስለዚህ የእህቴን ሥራ እሱ ይገመግማል፣ የእሱን እሷ። ለዓመታት እንደዚህ ሲገማገሙ ኖሩ። ቢሮ ውስጥ ስሙን የሚጠራው የለም፤ «ሌላው አየው ወይ?» «ሌላው ምን አለ?» ነው የሚባለው። ስለዚህ እኛም ቤት «ሌላው» ሆኖ ቀረ።

የሰው ወንድ አበባ ይልካል፤ ይሄኛው ተቃውሞ ነው የሚልከው። እህቴ ጥናቷን ትልክለታለች፣ በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቶ ይመለስላታል። ይሄ ሰውዬ አበዛው፣ ምን ሆኛለሁ ብሎ ነው እያለች ትገባለች፤ ከዚያ ምግቡ ፊቷ እየቀዘቀዘ አንድ በአንድ ታነበዋለች፣ መሀል ላይም ፈገግ ትላለች። ከሁሉ የሚወዳት ጥያቄ አለችው፦ «ይሄዳሉ ወይ?» የቆጠርሻቸው መኪናዎች በእርግጥ መንገድ ላይ ናቸው ወይስ ወረቀት ላይ ብቻ ነው ያሉት ማለቱ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? መኪና ይሞታል፣ ወረቀቱ ግን መኖሩን ይቀጥላል። ሌላው ይህችን ጥያቄ ያልጻፈበት ጥናት የለም፤ ስለ ጭነት መኪናም፣ ስለ አውቶቡስም ጠይቋል። ስለ ሱቆች እሳት አደጋ በጻፈችው ላይ ሳይቀር ከዳር ላይ «ይሄዳሉ ወይ?» ብሎ ሞነጫጭሮ፣ እህቴ ሱቅ ደግሞ ወዴት ይሄዳል እያለች ስትስቅ ዋለች።

መጀመሪያ ሱቄ የመጣው ሱሪ ሊያሳጥር ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽሩ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ሰው ነው። ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር በጓሮው በር ጥላ ሥር አለኝ፤ ወንበርም አይባል፣ የባለቤቴ የመጀመሪያ ታክሲ የኋላ መቀመጫ ነው። ታክሲዋ ራሷ ከሞተች ስንት ዘመኗ፤ ጓሯችን ውስጥ ጎማ አልባ ተጋድማለች፣ ዶሮዎቼ መሪው ላይ ያድራሉ፣ እኔም ከመስተዋቷ እስከ አጥሩ ገመድ ወጥሬ ልብስ አሰጣባታለሁ። ባለቤቴ ግን አንድ ቀን ትነሳለች ብሎ ተስፋ አልቆረጠም፤ እንደ ሰው ነው የሚያወራላት። ሌላው መቀመጫው ላይ ቁጭ ይልና፣ በግራ በኩል ያለችው ሽቦ ስትወጋው ወደ ቀኝ ፈቀቅ ይልና፣ እህቴ ከሥራ እስክትገባ ይጠብቃል። ስትመጣ አጠገቡ ትቀመጣለች፣ ስለ ቁጥር ይጨቃጨቃሉ፣ በ«እርስዎ» እየተባባሉ።

ሱሪውን አሳጠርኩለት። ተመልሶ መጣ፣ ትንሽ ረዝሟል አለ፤ አሳጠርኩለት። አሁንም ሲመጣ፣ ጌታው ከዚህ በኋላ ካሳጠርኩት ቁምጣ ነው የሚሆነው አልኩት። አፍሮ መጋረጃ አዘዘ። ቤትዎ ስንት መስኮት አለው ብዬ ብጠይቀው፣ አስቦ አስቦ፣ አንድ አለኝ። ያዘዘው መጋረጃ ትምህርት ቤት ይጋርዳል። ዝም ብዬ ሰፋሁለት፤ እኔ ምን ቸገረኝ።

ማታ እራት ላይ ለእህቴ ሰውየው እንደሚወዳት ነገርኳት። እሷ ሹካዋን አስቀምጣ እንደ ጠበቃ አስረዳችኝ። በእኔና በእሱ መካከል አንድ ነገር ቢኖር ኖሮ ማሳወቅ ነበረብኝ፤ አላሳወቅኩም፤ ስለዚህ የለም አለችኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አንቺስ ትወጂዋለሽ ወይ ብዬ ስጠይቃት ምን እንዳለችኝ መንገር አያስፈልገኝም፤ ስሟን ታውቃላችሁ።

በዚያ ዓመት የታክሲዎች ኢንሹራንስ ታሪፍ ሊለወጥ ሆነ። ኢንሹራንሶቹ ከድልድዩ በታች የሚሠሩ ታክሲዎች ከሌሎቹ በላይ ይክፈሉ አሉ፤ እዚያ አደጋ ይበዛል ባዮች ናቸው። ከድልድዩ በታች ማለት የእኛ ሰፈር ነው፣ የባለቤቴ መስመር ነው። ኢንሹራንሶቹን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ነገሩን አጥኚልን ብሎ ለእህቴ ሰጣት። አጠናች፤ አደጋው እዚያ እንደሚበዛ እውነት ሆኖ አገኘችው። ይህንንም ማዕድ ላይ በግልጽ ተናገረች፤ ባለቤቴ አኩርፎ ስንት ቀን በእኔ በኩል ካልሆነ አላናገራትም። «ጨው አቀብዪኝ በያት» እስከማለት ደርሷል።

እሷ ግን እዚያ አላቆመችም። አደጋው የሚበዛው ሹፌሮቹ ክፉ ስለሆኑ ሳይሆን ቁልቁለቱ መታጠፊያ ላይ መብራትም ዜብራም ስለሌለ ነው አለች። ለእነሱ ብቻ ከተጨመረባቸው ደግሞ ግማሾቹ ያለ ኢንሹራንስ ይነዳሉ፤ ያኔ መታጠፊያው ላይ ቲማቲም የምትሸጠዋ ሴትዮ ብትገጭ ካሣ የሚከፍላት አይኖርም። ይህን ሁሉ ጻፈች። ሌላው በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ በቀይ «ይህ ሒሳብ ነው ወይስ አዘኔታ?» ብሎ መለሰላት። ገጽ ሙሉ መልስ ጻፈች፤ እሱም መለሰ፤ እሷም መለሰች። በመጨረሻ ሒሳቡን ለብቻ፣ አዘኔታውን ለብቻ አበጥረው ለዩት። ቁጥሩ የሚለው ይህ ነው፣ ይህን ብታደርጉ የሚከተለው ይህ ነው፣ መምረጥ ግን የሕዝብ መሥሪያ ቤቱ ድርሻ እንጂ የእኔ አይደለም ብላ ጨረሰችው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ፍቅሩ የበሰለው በዚያ ክርክር ላይ ነው።

ችግሩ ይሄ ነው። የኢንሹራንሶቹ ሰዎች ለእህቷ ባል ብላ ነው የጻፈችው ሊሉ አሰፍስፈዋል። ይህን የሚያስቆመው የሌላው ንጹሕ ፊርማ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም እሱ ከእኛ ጋር ምንም የለውም። አንድ ነገር ካለው ግን ፊርማው ይወድቃል፣ ጥናቱም አብሮ ይወድቃል። በዚህ ላይ ቢጋቡ ከዚያ ወዲያ አንዳቸው የሌላቸውን ሥራ መገምገም አይችሉም፤ ከተማው ገምጋሚ አልባ ሊቀር ነው። እህቴ የሰውን አደጋ ስታሰላ የራሷ ዕድሜ እየሄደ ነበር። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ እኔ ክር እያስገባሁ እሷ አጠገቤ ቁልፍ እየለየች ሳለ፣ ሳልጠይቃት ተናገረች። «እኔና እሱ አንድ ላይ ከሆንን ማን ያየናል?» አለችኝ።

«ሞኝ፣ ማንም እንዳያያችሁ አይደል እንዴ የሚፈለገው» አልኳት።

እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሳቁ አለቀ፣ እንባው ግን አልቆመም። አንጀቴን በላችው። ያን ቀን ስድቤን ሁሉ ዋጥኩትና ሻይ አፈላሁላት።

ከዚያ የመጨረሻው ረቂቅ ከሌላው ተመለሰ። አንድም ቀይ የለበትም። እህቴ ገጾቹን ገለጠች፣ ደግማ ገለጠች፣ በብርሃን አየችው። ታሞ ይሆን እንዴ አለች። እኔ ደስ ይበልሽ እንጂ ብላት፣ ፊቷ ጭራሽ አመድ መሰለ። ወር ሙሉ የተከራከረ ሰው በአንዴ እንዴት ዝም ይላል?

ረቂቁ ለሕዝብ ስብሰባ በሚቀርብበት ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ደመናው ሲጠቁር አንሶላውን አስገቢልኝ ብዬ ወደ ጓሮ ሰደድኳት። ቆየች። ብወጣ እርጥቡን አንሶላ እንዳቀፈች ከሞተችው ታክሲ ፊት ተገትራለች፤ ውሃው ጫማዋ ላይ ይንጠባጠባል። ባለቤቴን ጠርታ የዚህች ታክሲ ሰሌዳ የት ነው አለችው። እሱ ኩራት በኩራት ሆኖ ገባና ከቁም ሳጥን ላይ አውርዶ፣ በጨርቅ የተጠቀለለውን ሰሌዳ ፈትቶ አሳያት። መች እመልሰዋለሁ፣ ትነሳለች ብዬሽ የለ አላት።

እህቴ መቀመጫው ላይ ዝርግፍ አለች። ሽቦዋ ወጋቻት መሰለኝ ፈቀቅ አለች። ከዚያ አስረዳችን። የታክሲውን ቁጥር ያገኘችው ከትራንስፖርት ቢሮ ነው፤ ቢሮው የቆጠረው ሰሌዳ ያለውን ሁሉ ነው። ሰሌዳቸውን ያልመለሱ የሞቱ ታክሲዎች በየጓሮው ስንትና ስንት ናቸው። የአደጋው ወጪ የተከፋፈለው ለሕያዋኑም ለሙታኑም ነው፤ ሙታኑ ደግሞ አይከፍሉም። ስለዚህ ታሪፉ ከሚገባው በታች ሆኗል።

ባለቤቴ ነገሩ ሲገባው ሰሌዳውን ወደ ደረቱ አስጠጋ። ስህተት ስህተት ነው፣ ግን ለእኛ የሚጠቅም ስህተት ነው፣ ምናለ ብትተዪው ብሎ ለመናት፤ ያ ሁሉ ኩርፊያ ቀርቶ እህት ዓለም እያለ። እሷ አልሰማችውም። እኔን ነው የምታየው።

«ይሄዳሉ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም» አለች። «ሱቅን የጠየቀ ሰው።»

እኔ በሳቅ ፈረስኩ። እንዴት አልስቅም? ሰውየው ስንት ጊዜ መጥቶ የተቀመጠው እዚያው ላይ ነው፤ ስህተቱ ከሥሩ ሆኖ በሽቦ እየወጋው ነበር። እሱ ግን ፈቀቅ እያለ እሷን ይጠብቃል። እሷ አልሳቀችም። እሱ ይህን ካላየ ሥራውን እያየ አልነበረም አለች፣ ደንቡ የተጻፈውም ለዚህ ነው አለች። እንግዲህ ሌላ ሴት የተወደደችበትን የምታውቀው በዓይን ነው፣ በእጅ ነው፤ የእኔ እህት ያወቀችው ባልተጠየቀች ጥያቄ ነው። ይወድሻል ማለት ነዋ አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ምናልባት አላለችም። አንሶላውን እንዳቀፈች ስልኳን ፍለጋ ገባች።

ደንባቸው የባልደረባህን ስህተት ካየህ መጀመሪያ ለራሱ ንገረው ይላል። ደወለች፣ አላነሳም። በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ከባለቤቴ ጋር አብረናት ሄድን። ሌላው አዳራሹ ደረጃ ላይ ቆሞ አገኘነው፤ ያን ያጠረ ሱሪውን ለብሷል፣ ካልሲው ከሩቅ ይታያል። እህቴ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ይሄዳሉ ወይ ብለው አልጠየቁኝም» አለችው።

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ እኔን አየኝ፣ ባለቤቴን አየው፣ ጓሯችንን ያየ መሰለኝ። መነጽሩን አወለቀ። «አልጠየቅኩም» አለ በቀስታ። ሌላ ነገር ሊጨምር አፉን ሲከፍት ስብሰባው ተጀመረ ተባለና ገባን።

አዳራሹ ሰፊ ነው፣ ማይክሮፎኑ ይጮኻል። በስተቀኝ የኢንሹራንስ ሰዎች በሱፍ በክራቫት፣ በስተግራ ሹፌሮች የመኪና ቁልፍ በጣታቸው እያሽከረከሩ። ሰብሳቢው ወፍራም፣ ሽበታም ሰው ናቸው፤ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ የጥቅም ግጭት ያለበት አለ ወይ ብለው ጠየቁ፤ ያው ለወጉ ነው። እህቴ ተነስታ የእህቴ ባል የታክሲ ሹፌር ነው አለች። አዳራሹ ከሷ እኩል ነው ያለው፣ በቃሉ ያውቀዋል። ባለቤቴ ብድግ ብሎ እጅ ነሳ፣ ሹፌሮች አጨበጨቡለት። እሷ ግን አልተቀመጠችም።

ስህተት ሠርቻለሁ አለች። ጨርቄን ማቄን ሳትል ሁሉንም ተናገረች፤ የሞቱት ታክሲዎች መቆጠራቸውን፣ ታሪፉ ትንሽ ከፍ ማለት እንዳለበት። ሹፌሮቹ አጉረመረሙ፤ አሁን እጅ የነሳው ባለቤቴ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ጉልበቱ ላይ ተደፋ። የኢንሹራንሶቹ ጠበቃ ጊዜ አላባከነም። ብድግ ብሎ፣ «ታዲያ ገምጋሚው የት ነበሩ?» አለ።

ሌላው ተነሳ። ከእነዚያ መኪናዎች አንዷን በደንብ አውቃታለሁ አለ። መቀመጫዋ በግራ በኩል ሽቦ አለው፣ ዶሮ መሪዋ ላይ ያድራል፣ እንደማትሄድ አውቃለሁ፣ ብዙ ቀን ተቀምጬባታለሁ አለ። ሰው ይስቅ ጀመር። ሰብሳቢው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከወረቀታቸው ቀና አሉ። ተቀምጠውባት ሳሉ እንዴት አላሰቧትም አሉት።

«የማስበው ስለ መኪናዋ አልነበረም» አለ።

«ስለ ምን ነበር ታዲያ?»

ሌላው መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። በእጁ ወደ እህቴ አመለከተ። «ስለ እሳቸው ነበር» አለ።

ከሹፌሮቹ አንዱ ቁልፉ ከጣቱ ወደቀ። ጠበቃው ደንቡን አገላበጠ፣ ለዚህ የሚሆን አንቀጽ አላገኘም። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠራርገው ይህ የጥቅም ግጭት ነው ወይ ብለው ጠየቁት፤ ሌላውም ነው፣ ይመዝገብልኝ፣ ግምገማዬንም አንስቻለሁ አለ። ቃለ ጉባኤ ያዧ ግን ተቸገረች። ልጅቷ ምን ታድርግ፣ በደንቡ ላይ ያለው ሽርክና፣ ብድርና ዝምድና ብቻ ነው። በየትኛው ልጻፈው አለች። ሌላው ዝምድና የለንም አለ፤ ከዚያ እህቴን እያየ፣ «እስካሁን» ብሎ ጨመረ።

ልጅቷ ወደ እህቴ ዞረች። «ዝምድና ብዬ ልጻፍ?» አለቻት።

እህቴ ሰማይ እንደምታይ ሁሉ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ጎንበስ ብላ ወለሉን አየች። እናቴ ትታየኛለች፤ የለመደችውን ቃል ብታወጣ ጫማዬን አውልቄ ልወረውርባት እጄን ሰድጃለሁ። እዚያ ስብሰባ ላይ ስለ ታሪፉ የሚያስብ ሰው አልቀረም፤ ሹፌሩም ክራቫቱም እሷን ነው የሚያየው።

«ይጻፍ» አለች።

አለቀስኩ። ምን ልደብቅ፣ በሁለት መቶ ሰው ፊት እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት። ባለቤቴም ራሱን እንደያዘ ያለቅስ ነበር፤ ለታሪፉ ይሁን ለእሷ አልጠየቅኩትም።

ጥናቱ ወደቀ ብለው ኢንሹራንሶቹ ሊደሰቱ ነበር፤ ግን እንዴት ብለው? ለእህቷ ባል አደላች እንዳይሉ፣ ስህተቱን ያወጣችው ራሷ፣ በእህቷ ባል ላይ፣ በእህቷ ባል ፊት ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ሰብሳቢው ሌላ ገምጋሚ እስኪገኝ የዱሮው ታሪፍ ይቀጥል ብለው በተኑን። ሌላ ገምጋሚ ማለት እንግዲህ ባለ ንቡ አዛውንት ናቸው። ሁለቱም ሄደው ለመኗቸው። ንብ እንኳን አንዴ ነድፋ ትሞታለች፣ ቁጥር ግን ነድፎም አይሞትም ብለው እምቢ አሉ። በመጨረሻ ቀፎዎቹ መሀል ቆማችሁ ካስረዳችሁኝ ብለው ተስማሙ። ሌላው ፊቱ አብጦ፣ እህቴ ጆሮዋ አብጦ ተመለሱ። አዛውንቱ እነሱ ያላዩትን ሌላም ስህተት አገኙ ይባላል፣ አልጠየቅኩም። መሥሪያ ቤቱ ለከተማው ሁሉ አንድ ታሪፍ መረጠ። መታጠፊያው ላይ መብራት ተተክሏል፤ ዜብራው ይቀባል እየተባለ ነው። ባለቤቴ ኢንሹራንስ በከፈለ ቁጥር ለሚስቴ እህት መዋጮዬን ሰጥቼ መጣሁ ይላል። ሰሌዳውንም መለሰ፤ ሲመልስ አብሬው ሄድኩ፣ ብቻውን አይችልም ነበር።

ቀሚሷን የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ የሱን ሱሪም አዲስ፣ እስከ ጫማው ድረስ የሚደርስ። መጋረጃዎቹን ሁሉ ተጠቀሙባቸው፤ መስኮቱ ያው አንድ ነው፣ ግን አንዱን ክፍል ብዙ ክፍል አደረጉበት። አሁን አንዳቸው የሌላቸውን ሥራ አይነኩም፤ ሁለቱንም አዛውንቱ ያዩላቸዋል። እህቴ የእሳቸው ቀይ እስክሪብቶ ደም የለውም እያለች ታማርራለች። ቤት ውስጥ ግን ሌላው ሥራ አላጣም፤ ስለ ሰዓቱም፣ ስለ ቧንቧውም፣ ስለ ልብስ ማጠቢያውም ይሄዳል ወይ እያለ ይጠይቃል። ሲከራከሩ አሁንም እርስዎ ነው የሚባባሉት።

ሰው ሲያገኛት ትዳር እንዴት ነው ይላታል። እሷም በጣም ጥሩ ነው ትላለች፣ ከዚያ ትንሽ ቆም ብላ፣ ባሌ ስለሆነ ግን ምስክርነቴን ቀንሳችሁ ያዙት ትላለች። እኔ ፊቷን እያየሁ ነው የሰማኋት፤ ሳልቀንስ ይዤዋለሁ።